በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የቆመ የይዘት ማድረሻ መረብ ምን ሊያስረዳን ይችላል?

ስለ ተለመደው የሙከራ አሠራር የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ የሙከራ አሠራርን ነው። ይኸውም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ጥቂት ቨርቹዋል ማሽኖችን አቁሞ፥ ከእነዚህም አንዱን ዋና ሰርቨር፥ ሌሎቹን ደግሞ የዳር ሰርቨሮች አድርጎ ትንሽ የይዘት ማድረሻ መረብ ማቋቋም፤ ከዚያም አንድ ፋይል በቀጥታ ከዋናው ሲጠየቅና በዳሩ በኩል ሲጠየቅ የሚወስደውን ጊዜ አወዳድሮ «መረቡ ይህን ያህል እጥፍ ያፋጥናል» ብሎ መደምደም ነው። እኛ ራሳችን በዚሁ መንገድ ሄደን ከዚሁ ድምዳሜ ደርሰን ስለ ነበረ፥ ሂሳችን በሌላ ሰው ሥራ ላይ የተሰነዘረ ብቻ እንዳይመስል ይህንን አስቀድመን እንናገራለን።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በእንዲህ ያለ ሙከራ ላይ ሊያቆም ይችላል። ነገ ደግሞ ሥራ ይዞ፥ አለቆቹ «የትምህርት ፊልሞቻችንን ለሕዝብ ለማድረስ በዚህ መረብ ላይ ገንዘብ እናውጣን ወይስ አናውጣ?» ብለው ሲጠይቁት ያንኑ ቁጥር ይዞ ይቀርባል። ቁጥሩ መሠረት የሌለው ከሆነ የሚጎድለው የተማሪው ማርክ ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ገንዘብና እምነት ጭምር ነው።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። ትንሹ መሞከሪያ ስለ መረቡ ፍጥነት ሊመሰክር አይችልም፤ ስለ መረቡ ትክክለኛነት ግን በሚገባ ሊመሰክር ይችላል። እኛ ግን የማያውቀውን ነገር አስመስክረን፥ የሚያውቀውን ሳንጠይቀው እናሰናብተዋለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

፩. ነገሩ ምን እንደ ሆነ

የይዘት ማድረሻ መረብ ማለት የአንድን ድረ ገጽ ጽሑፍ፥ ሥዕልና ፊልም ቅጂ ለተጠቃሚው በሚቀርቡ ብዙ ሰርቨሮች ላይ አስቀምጦ፥ ተጠቃሚው ከሩቁ ምንጭ ሳይሆን ከቅርቡ ቅጂ እንዲወስድ የሚያደርግ አሠራር ነው። የከተማ ውኃ ከሩቅ ምንጭ መጥቶ በየሠፈሩ ማጠራቀሚያ እንደሚቆይ ሁሉ፥ ፋይሉም በዳር ሰርቨሩ ላይ ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ይቆያል። ጠያቂው የፈለገው ፋይል በካሹ ውስጥ ካለ «ተገኘ» ይባላል፤ ከሌለ ደግሞ «አልተገኘም» ይባልና የዳሩ ሰርቨር ወደ ዋናው ሄዶ ያመጣለታል።

ርቀት ጊዜ እንደሚወስድ የታወቀ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ለ1,000 ኪሎ ሜትር መንገድ ደርሶ ለመመለስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ማንኛውም ኩባንያ ምንም ያህል ገንዘብ ቢያወጣ፥ አንድ ጥያቄ በመስታወት ክር ፍራንክፈርት ደርሶ የሚመለሰው ከ50 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊሆን አይችልም። በእውነቱ ደግሞ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ክሩ በጎረቤት አገር አልፎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ በባሕሩም ውስጥ ቢሆን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ስለዚህ ጊዜው ከዚህ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ሲታሰብ የመጀመሪያው ጭንቀት ርቀት ብቻ አልነበረም። በ1997 ዴቪድ ካርገር፥ ቶም ሌይተን፥ ዳንኤል ሌዊንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት የታወቀ የጥናት ጽሑፍ፥ በርእሱ ላይ ሳይቀር የሚናገረው በድር ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድን ቦታ ሲያጥለቀልቅ የሚፈጠረውን መጨናነቅ ስለ ማቃለል ነው። ሌይተንና ሌዊን በ1998 አካማይ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋሙት ከዚህ ጥናት ተነሥተው ነው። እንግዲህ የመረቡ ዋነኛ አገልግሎት ሁለት ነው ማለት ነው፤ አንደኛው ርቀትን ማሳጠር፥ ሁለተኛው ከዋናው ሰርቨር ላይ ሸክምን ማንሣት ነው። ይህንን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

፪. መሞከሪያው እንዴት እንደሚቋቋም

መሞከሪያውን ለማቋቋም ብዙ ሀብት አያስፈልግም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል። በኮምፒዩተሩ ላይ ሊኑክስ ይጫናል፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያቆመው ኬ.ቪ.ኤም. ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ የሚገኝ ስለ ሆነ የሚገዛ ነገር የለም። አስቀድሞ አንድ ማሽን በሚገባ ተዘጋጅቶ ይቀዳል፤ ከተቀዳም በኋላ የእያንዳንዱ ስምና አድራሻ ይለወጣል። ይህ ካልተደረገ ሁለት ማሽኖች አንድ አድራሻ ይዘው ሲጣሉ ተማሪው ቀኑን ሙሉ የሌለ በሽታ ሲፈልግ ይውላል።

የመጀመሪያው መሞከሪያችን አምስት ማሽኖች ነበሩት፤ አንድ ዋና ሰርቨር፥ ሁለት የዳር ሰርቨሮች፥ አንድ የስም አገልጋይ፥ እንዲሁም አንድ ጠያቂ። በዋናውም በዳሮቹም ላይ የጫንነው በ2004 ለሕዝብ የቀረበውን ኤንጂን ኤክስ የተባለውን ሶፍትዌር ሲሆን፥ በዳሮቹ ላይ ካሽ እንዲይዝ አዘዝነው። ለዚሁ ሥራ በ2006 የወጣውን ቫርኒሽንም መጠቀም ይቻላል። በስም አገልጋዩ ላይ ባይንድ ተጭኖ፥ የጠያቂውን አድራሻ እያየ ለአንዱ አንደኛውን ዳር፥ ለሌላው ሁለተኛውን ዳር እንዲያመለክት ተደረገ። በመጨረሻም እያንዳንዱ የዳር ሰርቨር በሚሰጠው መልስ ራስጌ ላይ «ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» የሚል ምልክት እንዲጽፍ አዘዝን። ይህ ምልክት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ፋይሉ ከየት እንደ መጣ በግምት እንጂ በማስረጃ መናገር አይቻልም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ መልካም ነው፤ ተማሪውም ብዙ ይማርበታል። ስሕተቱ የሚጀምረው ሰዓቱን ይዘን መለካት ስንጀምር ነው።

፫. ያስገቡትን ቁጥር እንደ ግኝት መቁጠር

የመጀመሪያው ልኬታችን አሳፋሪ ነበር። በዳሩ በኩል የመጣው ፋይል ከዋናው በቀጥታ ከመጣው ምንም አልፈጠነም፤ እንዲያውም ፋይሉ በካሹ ውስጥ በማይገኝበት ጊዜ በዳሩ በኩል የመጣው ዘገየ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዋናውም ዳሩም በአንድ ኮምፒዩተር ራም ውስጥ ጎረቤቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ባሕርም ክርም የለም። ስለዚህ ዳሩ ያተረፈልን መንገድ የለም፤ የጨመረብን ግን አንድ ተጨማሪ ማረፊያ ነው።

ይህንን ለማረም በመካከል አንድ ራውተር የሚሆን ቨርቹዋል ማሽን ጨምረን፥ ኔትኤም በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ ሰው ሠራሽ መዘግየት አስገባን። ይህ መሣሪያ በተለመደው አጠቃቀሙ የሚያዘገየው ከማሽኑ የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን ስላልሆነ፥ በራውተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ማዘዝ ያስፈልጋል። ወደ ዋናው በየአቅጣጫው 60፥ ወደ ቅርቡ ዳር በየአቅጣጫው 5 ሚሊ ሰከንድ አዘዝን። ደርሶ መልሱ እንግዲህ ወደ ዋናው 120፥ ወደ ዳሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ሆነ።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አዲስ ግንኙነት ሲከፈት ለቲ.ሲ.ፒ. አንድ ደርሶ መልስ፥ በ2018 ለወጣው ለቲ.ኤል.ኤስ. 1.3 አንድ ደርሶ መልስ፥ ለጥያቄውና ለመልሱ መጀመሪያ ደግሞ አንድ ደርሶ መልስ፥ በጠቅላላው ሦስት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዋናው 360፥ በካሹ ውስጥ ከተገኘ ከዳሩ 30 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። 360 ለ30 ሲካፈል 12 ነው። እኛም «መረቡ 12 እጥፍ ያፋጥናል» ብለን ጻፍን፤ ሠንጠረዥም ሣልንበት፤ ደስም አለን።

ጽሑፉን ያሳየናቸው አንድ መምህር ግን «120ን ማን ሰጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። «እኛው ነን» ብለን መለስን። «10ንስ?» አሉን። «እርሱንም እኛው ነን» አልን። «እንግዲያውስ 12ን ያገኛችሁት ከመረቡ ነው ወይስ ከራሳችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። 120 ለ10 ሲካፈል 12 ነውና፥ ያን ሁሉ ማሽን ሳናቆም በወረቀት ላይ ልናገኘው እንችል ነበር። በ120 ፈንታ 240 ብናዝዝ ኖሮ «24 እጥፍ» ብለን በዚያው እርግጠኝነት እንጽፍ ነበር። ዋናው የሂሳችን ነጥብ ይህ ነው፤ በእንዲህ ያለ መሞከሪያ የሚገኘው የፍጥነት ቁጥር፥ ሠሪው በእጁ ያስገባው ቁጥር ተመልሶ ሲወጣ ነው።

ይህ ማለት ሰው ሠራሽ መዘግየት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የደርሶ መልሱን ርዝመት የምንመርጠው እኛ ብንሆንም፥ የደርሶ መልሱን ብዛት ግን የሚወስነው የመረቡ አሠራር ነው። ለምሳሌ ያህል ፋይሉ በካሹ ባልተገኘ ጊዜ የሚሆነውን እንመልከት። የዳሩ ሰርቨር ወደ ዋናው በየጊዜው አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ ጠያቂው 30 እና 360፥ በድምሩ 390 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፤ በቀጥታ ቢጠይቅ ኖሮ ይሻለው ነበር። ዳሩ ከዋናው ጋር ያለውን ግንኙነት ሳይዘጋ የሚያቆይ ከሆነ ግን 30 እና 120፥ በድምሩ 150 ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰዓቱ የእኛ ነው፤ የደርሶ መልሱ ቁጥር ከሦስት ወደ አንድ መውረዱ ግን የሶፍትዌሩ አቀማመጥ እውነተኛ ውጤት ነው። ተማሪው በሪፖርቱ ሊጽፈው የሚገባውም ይህንን ነው።

፬. ጠያቂው እንደ ሰው አለመጠየቁ

ሁለተኛው ስሕተት በጠያቂው ማሽን ላይ ያለ ነው። በተለመደው አሠራር ጠያቂው አንዱን ፋይል 1,000 ጊዜ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ በካሹ አይገኝም፤ የቀሩት 999 ይገኛሉ። ተማሪውም «በካሽ የመገኘቱ መጠን ከመቶ 99.9 ሆነ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ተማሪ ደግሞ ይህንን ስሕተት ለማስወገድ 10,000 ፋይሎችን አዘጋጅቶ፥ 1,000 ብቻ በሚይዝ ካሽ ላይ ሁሉንም በእኩል ዕጣ ይጠይቃል፤ እርሱም ከመቶ 10 ያህል ያገኛል።

የሰው ልጅ ግን በሁለቱም መንገድ አይጠይቅም። በ1999 ሊ ብሬስላውና ባልደረቦቹ ከስድስት ልዩ ልዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ የጥያቄ መዝገቦችን መርምረው እንዳሳዩት፥ የፋይሎች ተፈላጊነት ዚፍ በተባለው ሕግ መልክ ይወርዳል፤ ማለት ጥቂቶች እጅግ ይፈለጋሉ፥ ብዙዎች ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይጠየቃሉ። የቁልቁለቱ መጠን በመዝገቦቻቸው ውስጥ ከ0.64 እስከ 0.83 ነበረ። እኛ 0.8ን ወስደን ብናሰላ፥ ከ10,000 ፋይሎች መካከል እጅግ የሚፈለጉት 1,000ዎቹ ብቻቸውን ከመቶ 57 ያህሉን ጥያቄ ይይዛሉ። በእርግጥ ካሹ የሚፈለጉትን ሁሉ አስቀድሞ ስለማያውቅና እየተሳሳተ ስለሚጥል ውጤቱ ከዚህ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። ማሽኑ ያው ነው፤ ሶፍትዌሩም ያው ነው። ነገር ግን የአጠያየቁን መንገድ በመለወጥ ብቻ ከመቶ 99.9፥ ከመቶ 57 ገደማ፥ ወይም ከመቶ 10 ልናገኝ እንችላለን። ይህ ቁጥር ስለ ካሹ ሳይሆን ስለ ጠያቂው ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህ የአጠያየቁን ሥርዓት ሳይገልጽ የመገኘቱን መጠን ብቻ የሚያቀርብ ሪፖርት፥ ሚዛኑን ደብቆ ክብደቱን ብቻ እንደሚናገር ነጋዴ ነው።

፭. በአንድ ጣራ ሥር መኖር

ሦስተኛው ስሕተት ቨርቹዋል ማሽኖቹ የተለያዩ መስለው መታየታቸው ነው። በስም አምስት ናቸው፤ በእውነቱ ግን አንድ ፕሮሰሰር፥ አንድ ራምና አንድ ዲስክ ይሻማሉ። ጠያቂውን አበርትተን ብዙ ጥያቄ እንዲልክ ስናደርገው፥ የፕሮሰሰሩን ጊዜ የሚወስደው ከዚያው ከሚለካው ሰርቨር ላይ ነው። በዚህ ጊዜ «ሰርቨሩ ደከመ» ብለን የምንጽፈው፥ ምናልባት የደከመው ለካሹ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩም እንዲሁ ያታልላል። አንድ ፋይል አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ የአስተናጋጁ ኮምፒዩተር በራሙ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ግን ከዲስክ ያነበበ ይመስለዋል። ተማሪው «ያለ መረቡ» የሚለውን ልኬት ጧት በመጀመሪያ፥ «በመረቡ» የሚለውን ከዚያ በኋላ ካደረገ፥ ሁለተኛው የሚፈጥነው በመረቡ ሳይሆን ቀድሞ በተጫነ ራም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን እየለዋወጡ ደጋግሞ መለካት።

ስለ ስም አገልጋዩም አንድ ነገር እንጨምር። በመሞከሪያችን ጠያቂው የስም አገልጋዩን በቀጥታ ይጠይቀው ነበር፤ አገልጋዩም የጠያቂውን አድራሻ አይቶ ቅርቡን ዳር ያመለክተው ነበር። ሁሉ ነገር ያማረ ሆነ። በእውነተኛው ዓለም ግን በመካከል ሌላ ጠያቂ አለ፤ ይኸውም የቴሌኮም ድርጅቱ ወይም የሌላ ኩባንያ ስም ፈላጊ ሰርቨር ነው። የመረቡ ስም አገልጋይ የሚያየው የዚህን የመካከለኛውን አድራሻ እንጂ የተጠቃሚውን አይደለም። መካከለኛው በሌላ አገር ቢሆን ተጠቃሚው ወደ ሌላ አገር ዳር ሊመራ ይችላል። በ2016 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 7871 የተጠቃሚውን አድራሻ ከፊል ለማሳወቅ የሚያስችል መንገድ የገለጸው ስለዚህ ነው። እኛም አንድ ስም ፈላጊ ማሽን በመካከል ባስገባን ጊዜ፥ «ቅርቡን ይመርጣል» ያልነው መረብ ሁለቱንም ጠያቂዎች ወደ አንድ ዳር ሲልካቸው አየን። ትክክለኛው ትምህርት የመጣልን ያማረው ሙከራ በተበላሸ ጊዜ ነው።

፮. መሞከሪያው በእውነት ሊመሰክርባቸው የሚችሉ ነገሮች

እስከ አሁን የተናገርነው ነቀፋ ነው። ነቀፋ ብቻውን ግን አይጠቅምምና፥ ሰዓት ሳይያዝ በመቁጠር ብቻ እውነት የሚገኝባቸውን ጥያቄዎች እናቅርብ።

አንደኛ፤ ለዋናው ሰርቨር ስንት ጥያቄ ደረሰ? 200 ጠያቂዎች በካሹ ውስጥ የሌለውን አንድ ፋይል በአንድ ጊዜ ቢጠይቁ፥ አንዱን ልኮ የቀሩትን ማስጠበቅ ይቻላል፤ ወይም ሁሉንም ወደ ዋናው ማጉረፍ ይቻላል። ቫርኒሽ እንደ ልማዱ ያስጠብቃል፤ ኤንጂን ኤክስ ግን ካልታዘዘ በቀር አያስጠብቅም። የዋናውን መዝገብ ከፍቶ መስመሮቹን መቁጠር ይበቃል። ይህም ቀደም ሲል ያነሣነው፥ በ1997 ጽሑፍ የታሰበበት የመጨናነቅ ጉዳይ ራሱ ነው።

ሁለተኛ፤ የአንዱ ሰው ገጽ ለሌላው ይሰጣልን? ሁለት ጠያቂዎችን በተለያየ ስም አስገብቶ፥ የመጀመሪያውን የግል ገጽ ሁለተኛው እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም። በዲሴምበር 25 ቀን 2015 ስቲም በተባለው የጨዋታ መሸጫ ላይ፥ የጥቃት ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ የገባ የካሽ አቀማመጥ ስለተሳሳተ፥ ሰዎች የሌሎችን ገጽ ሲያዩ ውለዋል። ባለቤቱ ቫልቭ እንደ ገለጸው 34,000 ገደማ የሚሆኑ ተጠቃሚዎች የግል መረጃ ያለባቸው ገጾች ለሌሎች ታይተው ሊሆን ይችላል። ይህንን ዓይነት ስሕተት ለማየት ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖችና አንድ ጠያቂ ይበቃሉ፤ ሰው ሠራሽ መዘግየትም አያስፈልግም። እኛ ግን በመጀመሪያው ሪፖርታችን ይህንን ከቶ አልጠየቅንም።

ሦስተኛ፤ ዋናው ሰርቨር ቢሞት ምን ይሆናል? ማሽኑን ማጥፋትና ማየት ነው። በ2010 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 5861 ዋናው በታመመ ጊዜ ዳሩ ጊዜው ያለፈበትን ቅጂ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ትእዛዝ አለው። ለጋዜጣ ገጽ ይህ በረከት ነው፤ ለፈተና ውጤት ወይም ለገንዘብ ሒሳብ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። የትኛው ለየትኛው እንደሚገባ መወሰን የተማሪው ፈንታ ነው።

አራተኛ፤ አዲስ የዳር ሰርቨር ሲጨመር ስንት ፋይል ቦታውን ይለቃል? ፋይሎቹን ለሦስት ሰርቨሮች በተራ የማካፈል ቀሪ ከደለደልናቸውና አራተኛ ብንጨምር፥ ከመቶ 75 ያህሉ ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ካሹም በአንድ ጊዜ ባዶ እንደ ሆነ ይቆጠራል። በእነካርገር ዘዴ ግን የሚለቁት ከመቶ 25 ያህል ብቻ ናቸው። ይህንን በመሞከሪያው ላይ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ቁጥሩንም እኛ አላስገባነውም።

እርግጥ ነው፥ በእነዚህም ቢሆን መሞከሪያው ሁሉን አያይም። በጁን 8 ቀን 2021 ፋስትሊ በተባለው መረብ ላይ አንድ ደንበኛ ስሕተት የሌለበት የአቀማመጥ ለውጥ ባደረገ ጊዜ፥ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ጉድለት ተቀስቅሶ ከመረቡ ከመቶ 85 የሚሆነው የስሕተት መልስ መስጠት ጀመረ። ኩባንያው እንዳስታወቀው በ49 ደቂቃ ውስጥ ከመቶ 95 የሚሆነው ወደ ሥራው ተመለሰ። እንዲህ ያለው ጉድለት በአምስት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ይገኛል ብሎ መመካት አይገባም።

፯. ሊነሣ ስለሚችል መቃወሚያ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ተማሪ በሦስት አገር ሰርቨር ለመከራየት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ያለውን ላፕቶፕ ይዞ ቢሠራ ለምን ይነቀፋል?» ይሉን ይሆናል። እኛም ተማሪዎች ነን፤ ችግሩን እናውቀዋለን። ነቀፋችን በላፕቶፑ ላይ አይደለም፤ ላፕቶፑን ስለማያውቀው ነገር በመጠየቃችን ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ያለውን መሣሪያ አጥርቶ ማወቅ ይኖርበታል እንጂ፥ መሣሪያው የማይሰጠውን ሰጠ ብሎ መጻፍ አይገባውም።

ሌሎች ደግሞ «ፍጥነት ከሌለበት ሪፖርቱን ማን ያነብበዋል? ሠንጠረዥና እጥፍ ቁጥር ነው የሚፈለገው» ይሉናል። ይህ መቃወሚያ ከፊተኛው ይልቅ ያሳስበናል፤ እውነትነት አለውና። የእኛም የመጀመሪያ ጽሑፍ ከሁለተኛው ይልቅ የተወደደው 12 የሚል ቁጥር ስለ ነበረበት ነው። በዚህ ረገድ ከመምህራኖቻችን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የተማሪን ሙከራ ሲመረምሩ «ምን ያህል ፈጠነ?» ከማለታቸው በፊት «ከእነዚህ ቁጥሮች አንተ ያስገባኸው የትኛው ነው? መሞከሪያው የነገረህስ የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ፥ ብዙ ስሕተት ገና ከጅምሩ ይቀራል።

በበኩላችን ለወደፊቱ የምንከተለውን ደንብ በሦስት ነጥብ ወስነናል። በሪፖርቱ ፊተኛ ገጽ ላይ በእጃችን ያስገባናቸውን ቁጥሮች ሁሉ፥ መዘግየቱን፥ የካሹን መጠንና የአጠያየቁን ሥርዓት ጨምሮ፥ ለብቻቸው እንዘረዝራለን። ቀጥለን በመቁጠር የተገኙትን፥ ማለት ለዋናው የደረሱትን ጥያቄዎች፥ የደርሶ መልሱን ብዛትና ቦታ የለቀቁትን ፋይሎች እናቀርባለን። ሰዓትን የምንጽፈው በመጨረሻ ሲሆን፥ ከአጠገቡም «በዚህ በመረጥነው መዘግየት» የሚል ቃል አይለይም።

ይህንን ደንብ ይዘን ሪፖርታችንን እንደ ገና ጽፈነዋል። «12 እጥፍ» የሚለው ወጥቶ፥ በቦታው «ፋይሉ በካሹ ባልተገኘ ጊዜ ወደ ዋናው የሚደረገው ደርሶ መልስ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ» የሚል ገባ። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ፊተኛው አያስደንቅም፤ ነገር ግን ሌላ ተማሪ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ መዘግየት መርጦ ቢሞክረው ያንኑ ያገኛል። ከአንባቢያን መካከል ይህንን ሞክሮ የተለየ ውጤት የሚያገኝ ቢኖር፥ ወይም በአሳባችን ላይ ስሕተት ያየ ቢኖር፥ በሚቀጥለው እትም እንዲያርመን በትሕትና እንጠይቃለን።